ደብረ ማርቆስ ቤት ከመከራየትሽ በፊት

እህቴ፣ «ዩኒቨርሲቲው ቀጥሮኛል፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር መስከረም ላይ ደብረ ማርቆስ ልገባ ነው፤ ከተማው ትልቅ ነው ወይ? ቤትስ ይገኛል?» ላልሽው።

የ1999ኙ ቆጠራ 62,497 ነዋሪ ብሎ ነበር። ቁጥሩ አርጅቷል፤ ለኑሮሽ ደግሞ ከነዋሪው ብዛት ይልቅ የዩኒቨርሲቲው ካላንደር ይወስናል። መደበኛው ተማሪ ዶርም ስለሚያድር ኪራዩን ብዙም አይነካውም። ክፍል የሚሻማሽ መምህሩ፣ የአስተዳደር ሠራተኛው፣ የኤክስቴንሽን ተማሪውና ለክረምት ትምህርት ከየወረዳው የሚመጣው አስተማሪ ነው። ስለዚህ «ክረምት ላይ ቤት ይረክሳል» የሚልሽን ደላላ አትመኚ። ደህናው ጊዜ የክረምቱ ወጥቶ መደበኛው ሳይገባ፣ ጳጉሜ አካባቢ ነው። ዕቃ ሳይጫን አንዳችሁ ቀድማችሁ ብትመጡ ይሻላል።

ብዙው የኪራይ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ይለሰናል። ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ በጣትሽ አንኳኪው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ለቋል፣ እርጥበት ይስባል። ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባማ ደጋግመሽ አንኳኪ። እንዲህ ያለው ክፍል ነሐሴ ላይ ይሻግታል፤ አልጋና ቁም ሳጥን አይጠጉትም። ቀጥሎ ቀና በይና ኮርኒሱን እዪ። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ልጆች አያስተኛም።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የምጣዱን ቀን ከአከራይሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። በአንድ መስመር ሁለት ምጣድ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ የግቢ ጠብ አብዛኛው ከዚያ ይነሳል። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቂ። ሮቶ ከሌለ 200 ሊትር በርሜል ግዢ።

በዚያው ቆጠራ ከመቶ 97 የሚሆነው ነዋሪ ኦርቶዶክስ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤት ክፍት አገኛለሁ ብለሽ አታስቢ። ለልጆችሽ ወተት ግን ያኔ ይቀላል፣ ፈላጊው ይቀንሳልና። ላም ካላቸው ቤቶች ጋር በወር ተዋዋይ። በዩኒቨርሲቲው በር ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች የቆሙት በነን ካፌ ተማሪ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው ካፌ በማይመገበው ነው፤ እሱ ሲወጣ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ ምሳሽን በነሱ ላይ አትጣይ። ጤፍ ጥርና የካቲት፣ ከውቂያ በኋላ ግዢ፤ አንድ ኩንታል ለአራት ሰው ሦስት ወር ገደማ ያደርሳል።

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን በተነሳችሁበት ቀን ጠይቁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አባይ በረሃ ቁልቁለቱና ዳገቱ ዕቃ ያንሸራትታል፤ ቴሌቪዥኑን በፍራሽ መካከል አቁሙት። ፍሪጁ ተጋድሞ ከመጣ ሳይሰካ አንድ ሌሊት ቆሞ ይደር።