ባህሩ ጋ ቤት አገኘሁ፣ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው፣ የጀርመን ፓስፖርት አለኝ፣ ስራዬም በኦንላይን ስለሆነ ከባለቤቴ ጋር ስፔን ቫሌንሲያ ካባንያል የሚባለው ሰፈር ልንገባ አስበናል። ምድር ላይ ያለ አሮጌ ቤት አገኘን፣ ፎቶው ላይ ሲያምር አይጣል ነው፣ ባህሩም በእግር አምስት ደቂቃ። ግን አከራዩ ኮንትራቱ የ11 ወር ነው፣ የሁለት ወር ዲፖዚት አምጡ፣ የደላላውንም እናንተ ቻሉት ይላል። ልፈርም? ደሞ ሰፈሩ ለመጤ ፊት ይሰጣል ወይ?

መልስ፦ እህቴ ቆይ፣ እንዳትፈርሚ። 11 ወር ያለሽ ለመኖሪያ ሳይሆን ለጊዜው ነው ያከራየሁት ለማለት ነው፣ እነሱ ቴምፖራዳ ይሉታል። ለመኖሪያ ቢሆን ህጉ የሚለው ዲፖዚት የአንድ ወር ነው (ተጨማሪ ዋስትና ሊጠይቅሽ ቢችልም)፣ የደላላውን በፈረንጆቹ ከ2023 ወዲህ አከራዩ ነው የሚከፍለው፣ ከፈለግሽ ደሞ እስከ 5 አመት ማራዘም ትችያለሽ። እናንተ ልትኖሩ ነው የምትመጡት አይደል፣ ወረቀቱም እንደዛ ይበል በዪው፣ እምቢ ካለ ተዪው።

ከዛ በላይ እኔን ያሳሰበኝ ግን ምድር ላይ ያለ ያልሽው ነገር ነው። እዚህ ማሞቂያ የሌለው አሮጌ ቤት ሞልቷል፣ ጥር ላይ ከደጅ ይልቅ ቤት ውስጥ ይበርድሻል፣ እርጥበቱ ደሞ ሌላ ታሪክ ነው። እኔ በመጀመሪያው አመቴ ቁምሳጥን ውስጥ የሰቀልኩት የሀበሻ ቀሚስ ጥለቱ ላይ ሻጋታ አብቅሎ አገኘሁት፣ በርበሬዬም ድንጋይ ሆኖ በማንኪያ እጀታ እየፈረፈርኩ ነበር ወጥ የምሰራው። ምጣድ ልታመጪ ከሆነ ደሞ መብራቱ ስንት ኪሎዋት እንደተዋዋለ ጠይቂ፣ የኔ 3.45 ነበር፣ ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ ሊጡ እዛው ምጣዱ ላይ ይቀራል። ቡናሽንም ከዚያው ይዘሽ ነይ፣ ቶሬፋክቶ የሚሉት አለ ከስኳር ጋር የተቆላ፣ ለኛ ሰው አይሆንም።

ፊት ይሰጣሉ ወይ ላልሽው፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ የተቃጠሉ ናቸው። በፈረንጆቹ 1998 ማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ አውራ ጎዳና እስከ ባህሩ እቀጥላለሁ ብሎ ከ1,600 በላይ ቤት ሊያፈርስ ነበር፣ የአሳ አጥማጅ ሰፈር ነው እኮ፣ ፊታቸው በሸክላ ንጣፍ ያጌጡ ቤቶች ናቸው። ስንት አመት ታግለው እቅዱ በ2015 የከተማው አስተዳደር ሲቀየር ቀረ፣ ቤቱ ተረፈ ሲሉ ደሞ ኪራዩ ሰማይ ነካና ልጆቻቸው እዚያው መከራየት አቃታቸው። ስለዚህ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ቱሪስት ነው የምትመስያቸው።

ግን ጠዋት ወደ 4 ሰዓት ላይ በየቡና ቤቱ ዳቦውን ከወይራና ከለውዝ ጋር የሚበላ አለ፣ እዛ ተቀመጪ፣ ከየት ነሽ ሲሉሽ ኢትዮጵያ በያቸው። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ግማሽ ማራቶኑን በ62 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ የሮጠችው እዚሁ ቫሌንሲያ ነው፣ እኔን ጎረቤቴ ሽማግሌው ስሟን እየሰባበረ ነው ያዋራኝ። በጋ ላይ ማታ ማታ ወንበር በር ላይ አውጥተው ያወራሉ፣ አንቺም አውጪ።

መጀመሪያ ግን ሄደሽ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ዳሰሽ ንገሪኝ።