ስለ ጠገራ ብሩ፦ ጠርዙን ሳታይ አትግዛ

ወንድሜ፣ «በኢንተርኔት ጨረታ ላይ 1780 የሚል ጠገራ ብር አየሁ፤ ‹ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ቅርስ› ይላል፤ ልግዛው ወይ?» ብለሃል። በብርቅ ዋጋ ከሆነ እንዳትገዛ።

1780 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ቪየናም ሌሎች ከተሞችም ያንኑ ዓመት እየጻፉበት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አትመውታል። አያቶቻችን የተገበያዩበትም 1780 ነው የሚለው። እዚሁ ጎንደር በስንቱ ቤት ሳጥን ውስጥ አለ! ሻጩ ይህን እያወቀ ዕድሜውን ከቆለለ ማታለል ነው፤ ያናድደኛል።

ፎርጅድም ሞልቷል። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ማግኔት ከሳበው ተወው። ዋናው ግን ጠርዙ ነው። የእናቴን ሁሌ በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ ዙሪያውን የላቲን ፊደላት ከፍ ከፍ ብለው ይሰማሉ። የአንተ ሻጭ ፊትና ጀርባውን ብቻ ነው ያሳየው። የጠርዙን ፎቶ ጠይቀው። «ነገ እልካለሁ» እያለ ካጓተተህ እርሳው። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነም ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል።

አቅራቢያህ ያለ ወርቅ ቤት ጎራ ብለህ የብር ዋጋ በግራም ጠይቅ፤ ከዚያ ከጨረታው ጋር አስተያየው።