ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት ውሃው ይለካ

«አካባቢያችን የቆዳ ፋብሪካ ሊተከል ነው። ግማሹ ሰው ሥራ ይላል፣ ግማሹ ወንዛችን ይላል። አስተዳደሩ ከማን ጋር መቆም አለበት?» ብለው ለጠየቁት።

ጥያቄዎን ሳነብ የራሳችን ነገር ነው ትዝ ያለኝ። እኛም ዘንድ እንዲሁ የቆዳ ፋብሪካ ሊመጣ ሲል ነዋሪውን ወክዬ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ወንድማማቾች ሰላምታ አቋርጠዋል፤ እስከ ዛሬ ያልታረቁም አሉ።

በእኔ እምነት ሕዝቡን ለሁለት የከፈለው አስተዳደሩ ነው። «አስተያየት እንስማ» ተብለን ተጠርተን አዳራሽ ስንገባ መሬቱ ተሰጥቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ሁሉ ፀረ ልማት ተባለ፣ የደገፈ ሁሉ ደግሞ የተገዛ። በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈረመው፣ ሕዝብ በአካባቢ ጉዳይ ስላለው መብት የሚናገረው ዓለም አቀፍ የአርሁስ ስምምነት ሕዝብ መሳተፍ ያለበት አማራጮች ሁሉ ገና ክፍት ሳሉ ነው የሚለው ወዶ አይደለም። ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ቂም ብቻ ነው የሚያተርፈው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። የቆዳ ፋብሪካ ጸጉር ለማርገፍ ኖራና ሰልፋይድ፣ ቆዳ ለማልፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሮም ይጠቀማል። እነዚህ ኬሚካሎች ከፍሳሹ ጋር ውሃው ውስጥ ሊገቡ እንደሚችሉ ስላወቅን ግንባታው ሳይጀመር የወንዙና የጉድጓዱ ውሃ ተለክቶ ውጤቱ እንዲቀመጥ ለመንን። «ሥራ ያጓትታል» ተባልን። ፋብሪካው ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ጉድጓዱ ሲሸት አቤት አልን፤ መልሱ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ሆነ። እንዳልነበረ የሚያሳይ ወረቀት በእጃችን አልነበረም። ፋብሪካውን ደግፈው ልጆቻቸውን ያስቀጠሩትም የሚጠጡት ያንኑ ውሃ ነበር።

የጃፓኗን ሚናማታ ያስቧት። እዚያ ሰው በሜርኩሪ በተመረዘ ዓሣ ታመመ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ መንግሥት ምክንያቱ ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ፍሳሽ መሆኑን ያመነው ግን በ1968 ነው። ከተማዋ የምትኖረው በፋብሪካው ነበር፤ የቀድሞ የፋብሪካው ኃላፊ ከንቲባ ሆኖ መርቷታል። አቤቱታ ያቀረቡ የታመሙ ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ተገልለዋል። ዳኛ መሆን የነበረበት አካል ወገን ሲይዝ የሚሆነው ይሄ ነው።

ስለዚህ አስተዳደሩ ከማንም ጋር አይቁም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን ሰው በሚገባው ቋንቋ ያውጣው፤ የተባለውን ሁሉ፣ ተቃውሞውንም ጭምር፣ በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ በመሬቱ ጥቅም ያለው ሹም ከውሳኔው ይውጣ። የፍሳሽ ማጣሪያውም በፈቃዱ ላይ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ፤ ማጣሪያው ሳያልቅ ሥራ አይጀመር። በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ ደርሶብናል።

እርስዎ ግን የመሠረት ድንጋዩ ሳይጣል የውሃውን ልኬት ይጠይቁ። ናሙናው ሲቀዳ ከደጋፊውም ከተቃዋሚውም አንድ አንድ ሰው ይቁም፣ ጠርሙሱ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ፣ የውጤቱም ቅጂ በሁለቱም እጅ ይግባ።