አዲስ አበባን በካሜራ ለምትከተሉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሥራችሁን እያመጣችሁ አስተያየት ስትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ደጋግሜ አያለሁ። ከፊት ፍርስራሽ፣ ከኋላ ባለመስታወት ፎቅ፣ መሃል ላይ ደግሞ ጀርባውን የሰጠ ሽማግሌ ወይም ኳስ የሚያባርር ልጅ አለ። አያምርም አልልም፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ፒያሳ ይሁን በ2017 ዓ.ም. የፈረሰው ካዛንቺስ የሚለይበት ምልክት የለውም። ፍርስራሽ ሁሉ ይመሳሰላል፤ አዲሱ ፎቅም ነገ ከነገ ወዲያ እዚያው ስለሚገኝ አያስቸኩልም። የሚያስቸኩለው ሰው በቦታው እንዴት ይኖርበት እንደነበረ ነው፤ እርሱ ከግድግዳው ቀድሞ ይጠፋልና።

የመሃል ከተማው ሰፈር ያን ያህል ተፋፍጎ የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ ኪራዩ እጅግ አነስተኛ ቢሆንለትም ቤቱን አፍርሶ እንደ ልቡ መሥራት ስለማይችል፣ ቤተሰቡ በበዛ ቁጥር ቆጥ እየጨመረ፣ በረንዳውን በቆርቆሮ እየጋረደ፣ ኩሽናና መጸዳጃ ከጎረቤቱ ጋር እየተጋራ ኖረ። ይህን ታሪክ ከመንገድ ዳር ሆናችሁ አታገኙትም። በርበሬው የሚሰጣው በማን ደጃፍ እንደሆነ፣ የቦኖው ወረፋ በጀሪካን እንዴት እንደሚያዝ፣ የዕድሩ ድንኳን ሲተከል የማን አጥር እንደሚነሣ ለማየት ግቢ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳይፈርስ አንድ የጋራ ኩሽና አንሥቼ ነበር፤ ጥላሸት በለበሰው ጭቃ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ወንፊትና አክንባሎ የሚሰቅልባቸው ምስማሮች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ለዐውደ ርእይ መርጬው አላውቅም። የቀድሞ ነዋሪዎች ግን ከሥራዎቼ ሁሉ ቅጂ የሚጠይቁኝ እርሱን ነው፤ የትኛው ምስማር የማን እንደነበረም በጣታቸው እያሳዩ በስም ይነግሩኛል።

የተነሡት ሰዎች የሄዱበት ቦታስ? ከዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ታቆማላችሁ፤ እኔ ደግሞ ዋናው ሥራ ገና ከዚያ የሚጀምር ይመስለኛል። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ንድፍ አውጪዎቹ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት ብለው ከብሎኮቹ መሃል ኮሚናል ሕንጻ አስገብተው ነበር። ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ኮዬ ፈጬን ዞራችሁ ብታዩ ኮሚናሉ አንዱ ጋ በታሰበለት ሥራ ላይ ሲውል፣ ሌላው ጋ ሱቅ ወይም መዋለ ሕፃናት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለፋሲካ በግ ደረጃውን እየተጎተተ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ የዕድሩ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሎ ለቀስተኛው በብሎኮቹ መሃል ሲያልፍ፣ የጭቃ ቤቱ ልማድ በሲሚንቶው ውስጥ ቦታ ሲፈልግ ታያላችሁ። ይህን በትዕግሥት የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ በድሮን ከሰማይ የሚያነሣ ግን ሞልቷል።

የቀደሙንን ሥራ ስታዩም ይህን አስተውሉ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፣ የቤተ መንግሥቱን ሰዎችና ሥርዓት በፎቶግራፍ አቆይተውልናል። ዛሬ ግን የከተማዋን ታሪክ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ባሉ የጥንት ሥዕሎች ላይ ዓይኑን የሚተክለው ከመኳንንቱ ትከሻ ኋላ በሚታየው ሣር ክዳን፣ አጥርና ጭቃ መንገድ ላይ ነው። እነሱ ሳያስቡት የያዙትን እናንተ አስባችሁ ያዙት።

ስለ ብርሃን ብዙ አልናገርም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ምሕረት የላትም፤ አዲስ ቆርቆሮ ያንጸባርቃል፣ የሰው ዓይን በግንባሩ ጥላ ይዋጣል። ከንጋቱ 12፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ያለው ጊዜ ለመንገድ ሥራ ይሻላል። ብዙዎች የሚጠሉት የነሐሴ ደመና ለጠባብ ቅያስ የተሰጠ ነው፤ እንጦጦን ከሩቅ ለመያዝ መስከረምን ጠብቁ። ከመስታወት ፎቅ ፊት የቆመ ሰው ስታነሡ ካሜራው በነጸብራቁ ተታልሎ ፊቱን ያጠቁረዋልና፣ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኩ፤ ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ።

ካሜራ አንግታችሁ ሰፈር ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «ከክፍለ ከተማ ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ነው። ቤቱን ሊለኩበት የመጡ የመሰለው ሰው ፊቱ ቢጠቁር አትፍረዱበት። በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ቤት ትታችሁ ሂዱ፤ የዕድሩን ዳኛ ወይም የሰፈሩን ትልቅ እናት አነጋግሩ፤ ቡና ከቀረበላችሁ ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸሙ ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም የሰው ጓዳ አደባባይ አይደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጥበቃ ሲያስቆማችሁ ደግሞ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ካልሆነ አትከራከሩ፤ በክርክር የተገኘ ፎቶ አላየሁም።

የመጨረሻው ጉዳይ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ከሌንስ ምርጫ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ክፍለ ከተማውን፣ ሰፈሩ በልማድ የሚጠራበትን ስም፣ የቆማችሁበትን ቦታና የምታዩበትን አቅጣጫ ጻፉ። ካሜራችሁ የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እናንተ ግን በእኛው ትናገራላችሁ። «ፒያሳ፣ 2016» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ፎቶ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሰፈሩ ሲፈርስ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ገና ሙሉ ሰፈር ሳለ የተነሣ ነው፤ የቅርብ ዝርዝር ብቻ በሚያሳይ ፎቶ ላይ ይህን ልዩነት ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም። ሁለቱንም ቀን ጻፉ፤ መዝገቡን ከፎቶዎቹ ጋር በሁለት ሃርድ ዲስክ በተለያየ ቤት አስቀምጡ። ስብስባችሁን አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመስጠት ብታስቡም መዝገቡን አብራችሁ አስረክቡ።