ዘነዘናው ጥጥ ላይ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ሞሽን ግራፊክስ ለምትማር ሥራ ፈላጊ የተሰጠ መልስ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «በግራፊክ ዲዛይን ተመርቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ያህል ሥዕልና ጽሑፍ ማንቀሳቀሻውን ሶፍትዌር አፍተር ኢፌክትስን በራሴ ተማርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ስቱዲዮዎች አመለከትኩ። ሁለቱ መልስ አልሰጡኝም፤ ሦስተኛው ‹እንቅስቃሴሽ ሕይወት የለውም፣ ሁሉም ነገር እንደ ማሽን ይሄዳል› ብሎ መለሰልኝ። ጓደኛዬ ፍሎው የሚባለውን የእንቅስቃሴ ማለስለሻ ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ብትገዢ ችግሩ ያልቃል ይለኛል። ውጭ ያለ ዘመድ በዶላር እንዲከፍልልኝ ልለምን? ወይስ ሌላ ኮርስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ዘመድሽን ለጊዜው ተዪው፤ ኮርሱንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስቱዲዮ ግን አመስግኚው። ሥራ ፈላጊን በዝምታ ማሰናበት በተለመደበት ገበያ አንድ ሰው ተቀምጦ ሾውሪልሽን፣ ማለትም የሥራ ናሙና ቪዲዮሽን፣ አይቶ የጎደለውን ነግሮሻል። የላክሽልኝን ቪዲዮ እኔም ሦስት ጊዜ አየሁት። የቀለም ምርጫሽ ጥሩ ነው፤ የአማርኛ ፊደሉን አቀማመጥም ወድጄዋለሁ፣ ብዙ ባለሙያዎች የሚያበላሹት ነገር ነውና። ነገር ግን ሎጎው፣ ርዕሱ፣ ጀበናው፣ የስልኩ ሥዕል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይነሣሉ፣ በአንድ ዓይነት ይቆማሉ። ኪፍሬሞቹን፣ ማለትም ዕቃው መቼ የት እንደሚሆን የምትወስኚባቸውን ምልክቶች፣ በሙሉ መርጠሽ የኤፍ9 ቁልፍን የተጫንሽ ይመስለኛል።

ኤፍ9 የሚሠራውን ብናውቅ ችግሩ ግማሽ ይቀልላል። ኢዚ ኢዝ የሚባለው ይህ ትእዛዝ በተመረጠው ኪፍሬም ላይ ፍጥነቱን ዜሮ ያደርጋል፤ የማለስለሻውን ተጽዕኖ (ቀስ ብሎ መነሣቱና ማረፉ የሚወስደውን የጊዜ ድርሻ) ደግሞ በሁለቱም በኩል 33.33 በመቶ ላይ ያስቀምጣል። ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ለሚያርፍ ዕቃ ይህ ክፉ አይደለም። ጀበናሽ ግን ከግራ ተነሥቶ በስኒዎቹ ላይ አልፎ ወደ ቀኝ ሲሄድ አራት ኪፍሬሞች አሉት። አራቱም ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ጀበናው እንደ ታክሲ በየፌርማታው ይቆማል። መካከለኞቹን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው መልሺያቸው፤ ወይም በምናሌው ውስጥ ሮቭ አክሮስ ታይም የሚለውን ስጪያቸው፣ ጊዜያቸውን ሶፍትዌሩ ራሱ ያከፋፍለዋል። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሾውሪልሽ ግን ወዲያውኑ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አኒሜሽን በእጅ ይሳል በነበረበት ዘመን ዋናው አኒሜተር የእንቅስቃሴውን ቁልፍ አቋሞች ብቻ ይስል ነበር፤ ኪፍሬም የሚለው ስምም ከዚያ የወረደ ነው። በመካከል የሚገቡትን ሥዕሎች የሚሞላው ረዳቱ ነበር። ረዳቱ እንዳይሳሳት ዋናው ሰው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ መሰላል የመሰለ ምልክት ይሠራለታል፤ ጭረቶቹ በተጠጋጉበት እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ በተራራቁበት ይፈጥናል። የዲዝኒ አንጋፋ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ካሳተሟቸው 12 መርሖች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ቀስ ብሎ ማረፍ። ዛሬ ረዳቱ ኮምፒውተር ነው። ታማኝ ረዳት ነው፤ ካልነገርሽው ግን ሁሉንም እኩል አራርቆ ይሞላል። ፍሎውም ሆነ ሌላ ፕለጊን መሰላሉን ፈጥኖ መሣያ እርሳስ ነው። ስቱዲዮ የሚቀጥረው ደግሞ ጭረቶቹ የት መጠጋጋት እንዳለባቸው የሚያውቀውን ሰው ነው።

ይህን ለማወቅ ዶላር አያስፈልግም። ቤታችሁ ቡና ሲወቀጥ ስልክሽን አንድ ቦታ አስደግፊና ቅረጪ። ከዚያ ቪዲዮውን በየፍሬሙ (ምስል በምስል) እያራመድሽ ዘነዘናውን ተከታተዪው። ወደ ላይ ሲወጣ እየዘገየ ይሄዳል፤ ጫፍ ላይ ለአንድ ቅጽበት የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ሲወርድ እየፈጠነ ይመጣና ሙቀጫው ውስጥ ድንገት ይቆማል። ታች ሲደርስ የሚዘገይበት ምንም ምክንያት የለውም። እንግዲህ ይህን በአንድ ተራ ክብ ብቻ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ሥሪው። ታችኛው ኪፍሬም ላይ ኤፍ9 ከተጫንሽ ዘነዘናው ጥጥ ላይ የወደቀ ይመስላል። ስቱዲዮው ሕይወት የለውም ያለሽ ይህንን ነው።

ልምምዱን ስትሠሪ እንቅስቃሴውን በመስመር የሚያሳየውን መስኮት፣ ግራፍ ኤዲተሩን፣ ክፈቺ። ሁለት ዓይነት ግራፍ ታያለሽ። አንደኛው ዕቃው በየትኛው ሰዓት የት እንዳለ ያሳያል፤ ሁለተኛው ፍጥነቱን። ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሸሻል፤ የፖዚሽን (የቦታ) ግራፍን በእጁ ሊያጎብጥ ሲሞክር እምቢ ይለዋልና። መፍትሔው ሴፓሬት ዳይሜንሽንስ የሚለውን መርጦ አግድሙንና ቁመቱን መለያየት ነው። ያን ጊዜ የዘነዘናው መስመር ላይ ዘነዘናው ጫፍ የሚደርስበት የተለሳለሰ፣ ታች የሚመታበት የሾለ መሆን አለበት፤ አፍተር ኢፌክትስ ቁመትን ከላይ ወደ ታች ስለሚቆጥር ግን መስመሩ ተገልብጦ ይታይሻል። ቅርጹን ዓይተሽ ወቀጣውን በዓይነ ኅሊናሽ እስክትሰሚው ድረስ ደጋግሚው። እኔ አሥር ጊዜ ያህል ፈጅቶብኛል፤ አንቺ ቶሎ ትይዢው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ነገሮች ራሳቸውን ይገልጣሉ። ወደ ስክሪኑ የሚገባ ጽሑፍ ፈጥኖ መጥቶ ቀስ ብሎ ያርፋል። ለዘለቄታው የሚወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ተነሥቶ እየፈጠነ ይጠፋል፤ ውጭ ምን እንደሆነ ማንም አያየውምና መቆሚያውን ማለስለስ ከንቱ ድካም ነው። ያለማቋረጥ የሚዞር ጎማ ወይም የሚያልፍ ደመና ምንም ማለስለስ አይፈልግም፤ ካለሰለስሽው በየዙሩ ይደናቀፋል።

ፍሎውን በተመለከተ ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንድ ኩርባ፣ ማለትም የማለስለሻውን መስመር፣ በትንሽ መስኮት ውስጥ ትሠሪያለሽ፣ በአንድ ጠቅታ ለመረጥሻቸው ኪፍሬሞች ይሰጣል፣ የወደድሽውንም ታስቀምጪያለሽ። በቀን 40 ርዕስ ለሚሠራ ሰው ብዙ ሰዓት ይቆጥባል። አደጋውም እዚያው ነው። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ደንበኛ የሐዘን መግለጫ እንድሠራ ታዘዝኩ። ከሳምንት በፊት ለልጆች ዝግጅት ያስቀመጥኩትን ኩርባ ሳላስብ ጫንኩበትና የሟቹ ስም እንደ ኳስ ሁለት ጊዜ ነጥሮ ቆመ። ከመተላለፉ በፊት አንድ ሰው ባያየው ኖሮ ዛሬ ምክር ሰጪ ሆኜ አልጽፍልሽም ነበር። ኩርባ ጠባይ አለው፤ መጠባበቂያ ውስጥ የተቀመጠው ጠባይ ለማን እንደተሠራ የምታስታውሺው አንቺ ነሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ በጨረፍታ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፤ የሞባይል መተግበሪያ ለሚሠሩ ድርጅቶች ማመልከት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። እዚህ ላይ የመሣሪያ ምርጫ በእርግጥ ይለያያል። እነዚህ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ አኒሜሽኑን በሎቲ ይፈልጉታል፤ ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው፣ የአፍተር ኢፌክትስን ሥራ ጄሰን በሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ስልክ ላይ የሚያጫውት ቴክኖሎጂ ነው። አንዳንድ የማለስለሻ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ኢዝ ኤንድ ዊዝ፣ ኩርባውን በኪፍሬሙ ላይ አያስቀምጡትም፤ ኤክስፕሬሽን የሚባል የቀመር ጽሑፍ ይጨምራሉ። ቀመሮቹ ሮበርት ፔነር የሚባል ባለሙያ የቀድሞው የድረ ገጽ አኒሜሽን ሶፍትዌር ፍላሽ በነገሠበት ዘመን ያሰራጫቸው ናቸው፣ ዛሬም የትም ታገኚያቸዋለሽ። ችግሩ የአንድሮይድና የአይፎን የሎቲ ማጫወቻዎች ኤክስፕሬሽን አለማንበባቸው ነው። በኮምፒውተርሽ ላይ ያማረው ነገር ስልኩ ላይ ደርቆ ይቀራል። ኤክስፕሬሽኑን ወደ ኪፍሬም መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን በየፍሬሙ አንድ ኪፍሬም ይፈጥርና ፋይሉን ያከብደዋል። ፍሎው በኪፍሬሙ ላይ ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም። በቃለ መጠይቅ ይህን ልዩነት ከተናገርሽ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ፕሮግራመር ቀና ብሎ ያይሻል።

ከዚያው ፕሮግራመር ጋር የምትግባቢበት ቋንቋ ደግሞ አራት ቁጥር ነው። በድረ ገጽና በመተግበሪያ ሥራ ኩርባ የሚጻፈው መስመሩን በሚያጎብጡት ሁለት መያዣዎች አቀማመጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ መያዣ ሁለት ቁጥር። የጉግል ማቴሪያል ዲዛይን መመሪያ ለዓመታት መደበኛ አድርጎ ይዞት የነበረው ኩርባ 0.4፣ 0፣ 0.2፣ 1 የሚል ነው፤ ቶሎ ይነሣል፣ ረዘም አድርጎ ያርፋል። «ትንሽ ለስለስ አድርገው» ከማለት ይህን ብትልኪለት ሁለታችሁም እፎይ ትላላችሁ።

የአፍተር ኢፌክትስ ፈቃድ ችግር ከሆነብሽ ልምምዱን በብሌንደር ቀጥይ። ነጻ ነው፣ ግራፍ ኤዲተርም አለው፤ እጅሽ የሚለምደው ያው ነው።

እንግዲህ በዚህ ወር ሾውሪሉን አፍርሰሽ እንደገና ሥሪው። አንድ ደቂቃው ይቅር፤ 30 ሰከንድ ይበቃል። ጀበናውን አስቀሪው፣ የስልኩን ሥዕል አውጪው። የዘነዘናውን ልምምድ እውነተኛ ሥዕል አልብሰሽ ለአንድ ለማይታወቅ ቡና ቤት የአምስት ሰከንድ ማስታወቂያ አድርጊውና መጀመሪያ ላይ አስገቢው፤ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በኋላ ነው የሚወስነው። ከአንዱ ሥራ ሥር የግራፍ ኤዲተሩን ምስል ጨምሪ። ቀድሞ የተቀመጠ ቅንብር መጫንሽን ወይም ራስሽ ማሰብሽን ባለሙያ ከዚያ ያነብበዋል።

ሲያልቅ መጀመሪያ የምትልኪው ለሦስተኛው ስቱዲዮ ነው። ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ፦ «በሰጣችሁኝ አስተያየት መሠረት እንቅስቃሴውን እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ የቀድሞውና የአሁኑ ጎን ለጎን ተያይዘዋል» በዪ። ሁለቱንም ፋይል ማያያዝሽን ከመላክሽ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከቺ፤ ለእኔ የላክሽልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ባዶውን ነበር የመጣው።