መልስ፦ የድሮ የሱፐርሂሮ ኮሚኮች በርካሽ

ወዳጄ፣ የስፓይደር ማንን የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ታሪኮች ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ኦሪጅናሎቹ ግን ዋጋቸው አይቀመስም፣ ምን ይሻለኛል ብለሃል። ኦሪጅናሉን እርሳው። ለማንበብ ከሆነ ድጋሚ እትም ይበቃሃል።

ለጀማሪ የምመርጠው የስፓይደር ማን አሳታሚ ማርቭል ያወጣውን «ማይቲ ማርቭል ማስተርወርክስ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ፣ አነስ ያለ፣ ባለ ቀለም ተከታታይ ነው። የስፓይደር ማን አንደኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን የመጀመሪያ ታሪኩንና ቀጥለው የመጡትን 10 እትሞች ይዟል። ገጹ ትንሽ ስለሆነ ጽሑፉ ይደቅቃል። ዓይንህን ካስቸገረህ ሌላው የማርቭል ባለ ቀለም ድጋሚ እትም «ኤፒክ ኮሌክሽን» ይሻልሃል። ዋጋው ከፍ ቢልም ወፍራም ስለሆነ በገጽ ስታሰላው ያዋጣል። ግን ልብ በል፤ የኤፒክ ቅጾች በተራ አይታተሙም። ቁጥሩ የሚያሳየው ቅጹ በታሪኩ ሂደት ውስጥ ያለውን ቦታ ነው። አንዱ ቅጽ ከገበያ ሲጠፋ ሻጮች ዋጋውን ይሰቅሉታል። ያኔ አትቸኩል፣ ብዙዎቹ እንደገና ይታተማሉ።

ከሁሉም ርካሽ የሚሆኑልህ ያገለገሉ የማርቭል «ኤሴንሻል» ቅጾች ናቸው። ጥቁርና ነጭ፣ ተራ ወረቀት፣ ወደ 500 ገጽ። የማርቭል ተፎካካሪ የሆነው አሳታሚ የዲሲ አቻቸው «ሾውኬዝ ፕሬዘንትስ» ነው። ሁለቱም መታተም ስላቆሙ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ፈልግ። ቀለም የለም ብለህ አትናቃቸው። የመጀመሪያዎቹን የስፓይደር ማን ታሪኮች የሳለው የስቲቭ ዲትኮ መስመር እንዲያውም ጎልቶ ይወጣል፤ ጭምብሉ ላይ ያለው ድር ክር በክር ይታይሃል። በሩቅ የምትገዛ ከሆነ ግን የጀርባውን ማጣበቂያ ፎቶ አስልክ። መጽሐፎቹ ወፍራም ስለሆኑ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው።