ኮረብታችን ላይ ችካል ተተከለ፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኛ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ከአንዲት የወረዳ ከተማ ጥግ ነን። ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ለተፋሰስ ተብሎ ከከብት ከተከለለ ቆየ፣ እርከኑን የሰራነው እኛው በነፃ ጉልበት ነው፣ አሁን ጥዱም አስታውም ይዟል ሳሩንም በዓመት አንዴ እጣ አውጥተን እናጭዳለን፣ ከስሩ ያለችው ምንጭም በበጋ መድረቅ ትታለች። ባለፈው ሰዎች መጡና በጂፒኤስ ሲለኩ ውለው ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ፣ ለቤት ማህበራት ሊሰጥ ነው ተባለ። ቀበሌ ብንጠይቅ "ከበላይ የመጣ ነው" ብቻ ነው መልሱ። ወጣቶቹ ነቅለን እንጣለው ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆርጠዋል። መብት አለን ወይስ ዝም ብለን እንያቸው?

መልስ፦ መብትማ አላችሁ ወንድሜ፣ ግን መጀመሪያ ወጣቶቹን ያዝልኝ። ችካሉ የተነቀለ ቀን ወሬው ስለ ኮረብታው መሆኑ ይቀርና ማን ነቀለ ማን ታሰረ ይሆናል። ፎቶ አንሱት፣ ከምንጯ ጋር አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፣ መሬት በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 40 የመንግስትና የህዝብ ስለሆነ "የአባቶቻችን ነው" ብቻ ብሎ መሟገት ሩቅ አያስኬድም፣ የሚያስኬደው ይዞታ ነው። የወል መሬትም እኮ እንደ ግል ማሳ ተለክቶ ይመዘገባል። ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ኮረብታው ምን ተብሎ በማን ስም እንደተመዘገበ በጽሁፍ ጠይቁ፣ በቃል የተነገራችሁን አትመኑ። ወል ተብሎ ካለ ኮፒውን ያዙ። ከሌለ ግን ዋናው ጣጣችሁ እሱ ነው፣ ፕላን የሚሰራው ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ካርታው ላይ ሲያየው ቤት የለ ማሳ የለ፣ በቃ ባዶ መሬት! የናንተን እርከንና የጥበቃ ተራ ከየት ይወቀው? የሳር እጣ የወጣበት ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ፣ ለዘበኛው የተዋጣበት ደረሰኝ፣ ቢጨማደድም ከየሳጥኑ አውጡት፣ መተዳደሪያ ደንብ ከሌላችሁም ዛሬውኑ ጻፉ።

የመንዝ ጓሳን፣ ያንን በህዝብ የሚጠበቅ የሳር መሬት፣ ታውቀው የለ። ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ቄሮ በሚባለው የአባቶች የጋራ ጥበቃ ስርዓት ነው፣ ሳሩ እስኪደርስ ለዓመታት ተዘግቶ፣ የሚከፈትበትን ቀን አለቆቹ ወስነው፣ ቀድሞ የገባ ተቀጥቶ። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ስርዓት አብሮ ፈረሰ ጓሳውም ክፉኛ ተጎዳ። በኋላ ህዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ደንብ አውጥቶ ነው ያቆመው፣ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ፈረንጅ ሳይቀር ይመጣል። ልማድ ብቻውን አንድ አዋጅ አልቻለም ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ወረቀት ወረቀት የምልህ።

ሌላው፣ የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 43 የናንተን ማህበረሰብ በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሀሳባችሁን እንድትጠየቁ መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም ስራው አካባቢው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት አስቀድሞ የሚያይ ጥናት፣ ተሰርቷል ወይ በሉ። በ1995 የወጣው አዋጅ 299 የግምገማው ሪፖርት ለህዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰብሰብበት ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 አንቀጽ 11 ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ነው፣ አካባቢ ላይ ጉዳት ያደርሳል በሚባል ሰው ላይ፣ ገና ሊያደርስ የሚችልም ቢሆን፣ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ሳይል ለክልሉ የአካባቢ መስሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ካልወሰኑ ወይ ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታችሁ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፣ አለበለዚያ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማሳየት አትችሉም።

ካሳ እንሰጣለን ብለው ዝርዝር ይዘው ቢመጡ ደግሞ ሳትማከሩ እንዳትፈርሙ። አንዱ ሲፈርም ሌላው ይከተላል፣ ከዛ በኋላ ተቃውሞ የሚባል የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ደግሞ በዚያው በሰሜን ሸዋ አስተማሪ ነኝ፣ በቤት ማህበር ተደራጅተን በዝግ አካውንት ስንቆጥብ ዓመታት ሆነን፣ አሁን ሊሰጠን ነው የተባለው ቦታ የተከለለ ተራራ ሆኖ አረፈው። ሰዉ በለቅሶ ላይ እንኳ ፊቱን ያዞርብናል። እኛስ ቤት አያስፈልገንም?

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል፣ የኪራዩን ነገር ማን ያጣዋል። ግን ቦታውን የመረጣችሁት እናንተ አይደላችሁም፣ ስለዚህ ከገበሬው ጋር ምን ያጣላችኋል? የማህበሩ ኮሚቴ ሌላ ቦታ ይቀየርልን ብሎ ይጻፍ፣ ከተማው ውስጥ ታጥሮ ሳር የበቀለበት ቦታ ካለ እሱን እየጠቀሰ ይጻፍ። ደግሞም ደብረ ሲና በኩል ተዳፋቱ እየተንሸራተተ ስንት ቤትና ማሳ እንደወሰደ የሰሜን ሸዋ ሰው አይነገረውም፣ ዛፉ ተመንጥሮ እርከኑ በዶዘር ሲታረስ ያ መሬት ጂፕላስ አንድን ይሸከማል ወይ ብሎ የአፈር ምርመራ መጠየቅ የናንተ ፋንታ ነው። ያ ውጤት በጽሁፍ እስኪመጣ ብሩ ዝግ አካውንቱ ውስጥ ይቆይ።